ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ

የአንድ የኮምፒውተር ተማሪ አባት ስም በ«ጸ» ይጀምራል። በየትኛው «ጸ» ካላችሁ፣ ጣጣው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። አባትየው ራሱ ሲጽፈው በፀሐዩ ፀ ነበር፤ ሆስፒታሉም ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ከዓመታት በፊት በዚሁ ፊደል መዝግቦለታል። ባለፈው ክረምት ታሞ ሲገባ ግን የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በጸሎቱ ጸ ፈለገችው። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለ። አዲስ ካርድ አወጡለትና ያንኑ ፔኒሲሊን ወጉት። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ።

ተማሪው አላለቀሰም። ሊያጽናና የመጣው ሁሉ «አይዞህ» ሲለው፣ ወንበር አምጣ የተባለ ይመስል «እሺ» ይላል። ሰው ሲበተን የሆስፒታሉ ኮምፒውተር የበሽተኞችን ስም መዝግቦ የሚፈልግበትን የዳታቤዝ ኮድ አውርዶ ተቀመጠ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነፃ ያርሙታል፣ እርማቱ ግን የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች አይተው ካልፈቀዱ አይገባም። ሁለቱ ጸዎች በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ አድርጎ ጻፈና ላከ።

አጎቱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለው። ክፋት የለበትም፤ አፉ ነው እንጂ።

ከኃላፊዎቹ አንዷ መለሰችለት። ፊደሉን አታውቀውም። መሥራቱን የሚያረጋግጥ ፈተና ጨምርበት አለችው። አንድን ስም በሁለቱም ጸ ጽፎ፣ በአንዱ ሲፈለግ በሌላው የተጻፈው እንዲገኝ የሚያዝ ፈተና አከለ። ከአባቱ ስም ሌላ ስም አልመጣለትም።

«ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑስ?» ብላ ጠየቀች።

«አንድ ሰው ነው» ብሎ ጻፈ። «ነው»ን አጠፋና «ነበር» አለ። ጥቂት አየውና መልሶ «ነው» አደረገው። ላከላት።

በሳምንቱ ተፈቀደ። እናቱ የአባትየውን ሸሚዞች እያጣጠፈች ነበር።

«ተቀበሉኝ፣ እማዬ።»

«እና ምን ይሆናል?»

«ከእንግዲህ ማንም ኮዱን በነካ ቁጥር ማሽኑ የአባዬን ስም ይፈልጋል። ካላገኘው ሥራው አያልፍም።»

እናቱ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ውስጥ አጠፈች።

«አያልፍም?» አለች። «እሱማ አለፈ፣ ልጄ።»

ተማሪው እንደ ልማዱ «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር።