አልጋ የሌላት ልጅና የዶክተሩ መጠይቅ

ለመሆኑ እርስዎ ትናንት ማታ የት ተኙ? አልጋ ላይ ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት፤ በዶክተር ሌአንድሮ ኤስካላንቴ ሚዛን ራስዎን የቻሉ ሰው ነዎት። እኔ የተኛሁት ሐማካ ላይ ነው። እንደ እናቴና እንደ አያቴ፣ እዚህ ዩካታን እንደሚኖረው እንደ አብዛኛው ሰው፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ የክር መረብ ውስጥ። ስለዚህ በዶክተሩ ሚዛን ገና ሞግዚት ያስፈልገኛል።

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ መተቸት ነው። ሜሪዳ ከተማ በሚታተም መጽሔት፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ጎረምሶች እድገት የሚወጡ ጥናቶችን እየመረመርኩ እጽፋለሁ። ስናደድም አልደብቅም። የዶክተሩ ጥናት የመንደር ጎረምሶች ከከተማ እኩዮቻቸው ዘግይተው ራሳቸውን ይችላሉ የሚል ነበር። ነገሩ ወረቀት ላይ ቢቀር ኖሮ ምናልባት በዝምታ አልፈው ነበር። ግን አንድ የከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ዶክተሩ የተጠቀመበትን መጠይቅ ለመግቢያ መመዘኛ አደረገውና የእህቴን ልጅ ሳኢሊን “ከቤት ርቃ ለመኖር አልደረሰችም” ብሎ መለሳት። ሳኢሊ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሒሳብ ነፍሷ ነው። በመንደራችን ደግሞ ከደረሰችበት ክፍል በላይ የሚያስተምር የለም። የቀራት ተስፋ የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ብቻ ነው።

ትችቴን ከመቀመጫዬ ሳልነሳ በአንድ ጊዜ ጻፍኩት። እሳት ነበር። ይዤው ወደ ዶንያ፣ ማለትም ወደ ወይዘሮ፣ አርሚንዳ ኡይካብ ሄድኩ። ትችት መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ጓሯቸውን ይኮተኩታሉ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

“ሰውየውን ጥሩ አድርገሽ ሰድበሽዋል” አሉኝ። “ጥናቱስ የታለ?”

“ጥናቱ ራሱ ስድብ ነዋ፣ ዶንያ አርሚንዳ።”

“እሱን መጀመሪያ አሳዪኝ። ከዚያ አብረን እንሳደባለን፤ እኔ እንኳ ካንቺ የባሰ ስድብ አውቃለሁ።”

ዶንያ አርሚንዳ አንድ የማይሻር ደንብ አላቸው። በመለኪያው ራሱን ያልለካ ሰው መለኪያውን አይተችም። በክፍላቸው ያለፍን ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ እኔ ግን ንዴት አስረስቶኝ ነበር። በረንዳው ላይ ሁለት ሐማካ አሰቀሉኝና ጎን ለጎን ጋደም ብለን መጠይቁን መሙላት ጀመርን። የራስህ ክፍል አለህ? ማታ በርህን ትዘጋለህ? በዚህ ሙቀት ማን በር ይዘጋል! ጠዋት አልጋህን ራስህ ታነጥፋለህ? የቱን አልጋ? እንዲህ እንዲህ እያልን ጨርሰን ነጥባችንን ደመርን። አራት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉት፣ ዕድሜ ልካቸውን ትምህርት ቤት ያስተዳደሩት ዶንያ አርሚንዳ፣ “የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል” በሚለው መደብ ውስጥ ወደቁ።

ሐማካው እስኪወዛወዝ ሳቁ። “እንግዲህ ማን ይከታተለኝ፣ ልጄ? አንቺ እንዳልል፣ የምትበልጪኝ በአንድ ነጥብ ነው።”

ቀጥለው የጠየቁኝ የትችቱ ልብ ሆነ፤ እኛ ጋ አንድ ልጅ ራሱን መቻሉ በምን ይታወቃል? ወዲያው ሳኢሊ ታወሰችኝ። ሁልጊዜ ሲመሽ የራሷን ሐማካ ትሰቅላለች፤ ቀጥላ የአያቷን። ገመዱን ትቋጥርና መጀመሪያ ራሷ ተቀምጣበት ትሞክረዋለች፤ ቋጠሮው ቢፈታ የሚሰበረው የሽማግሌው ወገብ ነውና። ሲነጋ ፈትታ ጠቅልላ ታነሳለች። ይህን ማንም አያዛትም። መጠይቁ ውስጥ ግን ስለዚህ የሚጠይቅ አንድ መስመር የለም።

ያናደደኝ የዶክተሩ አለማወቅ አይደለም። ዶክተሩ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ሐማካ ላይ ተወልዶ ሐማካ ላይ ያደገ! አልጋ ላይ የሚተኙ ሰዎች ለልጆቻቸው ያዘጋጁትን መጠይቅ አስተርጉሞ አመጣ፤ ራሱን ግን አልጠየቀም።

ዶንያ አርሚንዳ ትችቱን እንደገና አስጻፉኝ። ሰውየው የሠራውን ደህና ነገር ሳታስቀድሚ ስህተቱን አትንኪ አሉኝ። እያጉረመረምኩ ፈለግኩ፤ አገኘሁም። ዶክተሩ ማንም ተመራማሪ ረግጧቸው የማያውቁ መንደሮች ድረስ ሄዷል። የልጆቹን መልሶች አንድም ሳይሸሽግ ከጥናቱ ጋር አትሟል። ስለ መኝታ የሚጠይቁትን ጥያቄዎች አውጥተን እንደገና ስንደምር በመንደርና በከተማ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። መልሶቹን ደብቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ከየት እናገኘው ነበር? ለዚህ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። መምህሬንም አመሰግናለሁ፤ የመጀመሪያው ጽሑፌ ቢወጣ ኖሮ እኔ እፎይ ብዬ ሳኢሊ እዚያው ትቀር ነበር።

ትችቱ ታተመ። ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ስልክ ደወለ። ለጠብ ተዘጋጅቼ አነሳሁ።

“ወይዘሮ ፔች፣ መጠይቁን አሁን ራሴ ሞላሁት” አለኝ። “ወደቅኩ። እናቴ ይህን ብትሰማ በሐማካው ገመድ ነበር የምትገርፈኝ።”

አብረን ሳቅን። እንዲህ ብሎ የሚደውል ትልቅ ሰው ስንት አለ? አመስግኜው ዘጋሁና ደስ እያለኝ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። ርዕሰ መምህርቷ በትሕትና አስተናገዱኝ። ትችት የአንድ ሰው አስተያየት ነው፣ የጥናቱ ባለቤት ተሳስቻለሁ እስካላለ ድረስ መመዘኛችን አይቀየርም አሉ። ለዶክተሩ መልሼ ደወልኩ። ነገሩ ትንሽ ይብረድ፣ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን አለኝ።

ምኑ ነው የሚበርደው? ሳኢሊ ዛሬም ማታ የአያቷን ገመድ ቋጥራ፣ ተቀምጣበት ሞክራ፣ ሽማግሌውን አስተኝታለች። ምዝገባው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ዶክተር ኤስካላንቴ፣ ስለ ስልኩ አመሰግናለሁ፤ ግን በስልክ የነገሩኝን ትምህርት ቤቱ አልሰማም። በዚሁ መጽሔት፣ በስምዎ ፈርመው ይጻፉልን፤ መጠይቅዎ ይህችን ልጅ ለክቷታል ወይስ አልለካትም? ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት፣ በአደባባይ ይመልሱ።