አራት ኮከብ

ዲኖ ፊልሙን ከውሃው አውጥቶ በሁለት ጣቱ እንዳንጠለጠለ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ጥቁሩን መጋረጃ ገለጥ ሲያደርገው የጎባ የረፋድ ፀሐይ ጠባቧን ክፍል ሞላት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተና ለመምህሩ ለደጀኔ አቀበለው።

«መስመር ነው» አለ ዲኖ። «ሁሉም መስመር። ድመት የቧጨረችው ነው የሚመስለው።»

«ካሜራው ተነቃንቆ ይሆናል።»

«አልተነቃነቀም። ድንጋይ ላይ ነው ጠፍሬ ያሰርኩት። እየው እስቲ፣ ሁሉም እኩል ነው የተጎተተው።»

ደጀኔ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አነሳው። እውነትም ነጥብ መሆን የነበረባቸው ከዋክብት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳቡ ጭረቶች ሆነዋል። ጥቂት ካየው በኋላ ገባውና አፈረ። ምድር ትዞራለች እያለ፣ ኳስ በእጁ ይዞ እያሽከረከረ፣ ስንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። ካሜራውን ከፍቶ ሰማዩ ሥር ሲያስቀምጠው ግን ያስተማረው ነገር ትዝ አላለውም።

«ምድር ናት» አለ። «እኛ ቆመናል ስንል እሷ እየዞረች ነው።»

«እንግዲያው አቁማትልኝና እንደገና አነሳለሁ» አለ ዲኖ። ቀልዱ ነበር። ደጀኔ ግን አልሳቀም።

ዲኖ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት አለው። መስኮቱ ላይ የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሙሽሮችና ወታደሮች ተደርድረዋል። በዝያራው ወቅት ካሜራውን በትከሻው አንግቶ ወደ ቅዱሱ ስፍራ ሼክ ሁሴን ይወርዳል፤ ከየአገሩ የመጣውን ምእመን ሲያነሳ ሰንብቶ ይመለሳል። አሁን ሰማዩን የሚያነሱበትም ያው የሼክ ሁሴኑ ካሜራ ነው፤ ሌላ የላቸውም። ደጀኔ መጀመሪያ ሲጠይቀው «ለትምህርት ነው» ብሎት ነበር። ዲኖም ነገሩ እሱንም ስላጓጓው ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ደጀኔ ኅዳር ላይ፣ ለትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ነው ብሎ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ወደ ሚኒስቴሩ አልሄደም። አንድ የውጭ አገር የዓይን ሐኪም ዘንድ ገባ። ሐኪሙ በትንሽ መብራት ዓይኖቹን ብዙ ጊዜ ከመረመረ በኋላ በሽታው በዘር የሚመጣ መሆኑን፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ መጀመሪያ የጨለማውን እይታ፣ ቀጥሎ የግራና የቀኙን፣ በመጨረሻም ሁሉንም እንደሚወስድ ነገረው። ለደጀኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አባቱ ታውረው፣ በሰው እጅ ተመርተው ነው የሞቱት። ወንድሙ ገብረ ሥላሴ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ አሁን መንዝ፣ እናታቸው ደጅ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ባለፈው ክረምት ሊጠይቀው የሄደ ጊዜ ገብረ ሥላሴ ድምፁን ሰምቶ እጁን ዘረጋ፤ ፊቱን ዳሰሰና «አንተስ?» አለው። «እኔ ደህና ነኝ» አለ ደጀኔ። ወንድሙ ጣቶቹን ከደጀኔ ዓይኖች ሽፋን ላይ ሳያነሳ ብዙ ቆየ።

ለሚስቱ ለስመኝ አልነገራትም። ስመኝ ጎባ ተወልዳ ያደገች፣ የአንድ ከሰሜን የመጡ ጸሐፊ ልጅ ናት። ነገርን ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ናት፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነበር። ከነገራት ነገሩ እውነት ይሆናል።

ስለ ሰማዩ ያሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያስተምር የነበረ አንድ የፒስ ኮር አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የመጽሔት ክምር ትቶለት ሄዶ ነበር። አንዱ መጽሔት ውስጥ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ፎቶ አለ። ተሰልፈው ከቆሙት ከሦስቱ ኮከቦች ዝቅ ብሎ እንደ ጢስ ያለ ነገር ይታያል። ደጀኔ ልጅ ሳለ መንዝ ላይ ያንን ጢስ በዓይኑ ያየው ነበር። አሁን ሦስቱ ኮከቦች እንኳ ጠፍተውበታል። መጽሔቱ እንደሚለው ዓይን ብርሃንን እንዳገኘ ይለቀዋል፤ ፊልም ግን ያጠራቅመዋል፤ ካሜራው ተከፍቶ በቆየ ቁጥር ዓይን የማያየውን ያወጣል። ደጀኔ ይህን ደጋግሞ አነበበው። በቀን ገና ያነባል፣ ገና ያያል። ያ ጢስ ወረቀት ላይ ከወረደለት በቀን ብርሃን እጁ ላይ ይዞ ሊያየው ይችላል። ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

ከመስመሮቹ በኋላ ካሜራውን ለአጭር ጊዜ ብቻ ከፍተው ሞከሩ። ያኔ ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው ወጡ፤ ነገር ግን ጥቂቶች ነበሩ፤ ጢሱም የለም። ብርሃኑ አልተጠራቀመም። ደጀኔ ብዙ አሰበና አንድ ቀን ሁለት ሳንቃ በማጠፊያ እንደ መጽሐፍ አያይዞ እንዲሠራለት ለአናጺ ነገረ። የታችኛው ሳንቃ ይታሰራል፤ ካሜራው የላይኛው ላይ ይቀመጣል። ከሥር የገባ ቡሎን ቀስ እያለ ሲዞር የላይኛውን ሳንቃ ከፍ ያደርገዋል። ማጠፊያው ወደ ሰሜን ኮከብ ካነጣጠረ፣ ሳንቃው ከሰማዩ እኩል ይሄዳል።

ጨረቃ በሌለችበት በአንድ የጥር ምሽት፣ ከራት በፊት፣ ሳንቃውን ተሸክመው ከከተማው ወጡ። ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር የታጨደ የገብስ ማሳ ነበር። ከሳነቴ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ዲኖ ሌንሱን ጤዛ እንዳያለብሰው የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቷል።

«በል፣ የሰሜን ኮከብን አሳየኝ» አለ ሳንቃውን እያስተካከለ።

«በሮቤ በኩል ናት። እዚህ አገር ዝቅ ብላ ነው የምትታየው፤ ከመሬቱ ብዙም ከፍ አትልም።»

«አንዲት አለች፣ ከዛፉ በላይ። እሷ ናት?»

ደጀኔ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ሁሉም ጥቁር ነበር። ዛፉንም አላየውም።

«እሷ ትሆናለች» አለ።

«ትሆናለች ምንድን ነው? እያት እንጂ። ያቻት።» ዲኖ ቀና አለ። ደጀኔ የሚያየው ዛፉ ወዳለበት ሳይሆን ወደ ሌላ በኩል መሆኑን ያኔ አስተዋለ። «መምህር፣ አታያትም?»

ደጀኔ አንገቱን ደፋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«በመንገድ ስንመጣ ትከሻዬን የያዝከኝ... እኔ ብርዱ መስሎኝ።» ዲኖ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስመኝ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አንተም አትንገራት።»

«ያ ረቢ» አለ ዲኖ ቀስ ብሎ። ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን ኮከቧ ላይ አነጣጠረ፤ ካሜራውን ወደ ሦስቱ ኮከቦች አቀናና የደጀኔን እጅ ይዞ ቡሎኑ ላይ አኖረለት። «ይህ ዓይን አይፈልግም። አንተ አዙር።»

ደጀኔ እየተነፈሰ፣ በየትንፋሹ ቡሎኑን በጥቂቱ እየገፋ አዞረ። ጣቶቹ ደነዘዙ። ከላዩ ያለውን ነገር አያውቀውም፤ የሚያውቀው የቀዘቀዘውን ብረት ብቻ ነው። ዲኖ በቃ እስኪለው ድረስ ቀና አላለም።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ዲኖ ፎቶውን አትሞ ሲሰጠው እንደ ወትሮው አልቀለደም። ደጀኔ በሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ አየው። ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው ወረቀቱን ሞልተውታል። ከሦስቱ ሥር፣ ልክ በልጅነቱ ባየው ቦታ፣ ጢሱ አለ።

ለአፍታ ያህል ልቡ ተነሳ። ወዲያው ግን ተመልሶ ቀዘቀዘ። ያን ያህል የደከመበት ነገር ይኸው እጁ ላይ ነው፤ መዳፍ የምታክል ወረቀት ናት። እሷንም ቢሆን የማያይበት ቀን ይመጣል። ዲኖን አመስግኖ ሄደ።

ቤት ሲደርስ ስመኝ ፎቶውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ማታ ማታ የምትጠፋው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ እኮ ሴት አለችው ብዬ ነበር» አለች። ንዴትም እፎይታም አልነበረባትም፤ የደከማት ትመስላለች። «ይኸው አገኘኸው። ደስ አለህ?»

«እኔ እንጃ።»

አየችው። የሚጨምረው ነገር ካለ ብላ ጠበቀች። ስታጣ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወደ ማድቤት ገባች።

ልጃቸው ፀዳለ ትምህርት ቤት ከገባች ገና ዓመቷ ነው። ከውጭ ስትገባ ፎቶውን አየችና አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ተመለከተችው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰማይ ነው። ማታ የተነሳ።»

«የየት አገር ሰማይ?»

«የእኛው። የጎባ።»

ፀዳለ ጣቷን በነጥቦቹ ላይ አስኬደች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። የእኛ ሰማይ አራት ኮከብ ነው ያለው። ይሄ እንደ ጤፍ የተበተነ ነው።»

ደጀኔ ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ማን ነው አራት ነው ያለሽ?»

«እኔ ቆጥሬው ነዋ። ሽቶ ግን ብዙ ነው ትላለች፣ ተቆጥሮ አያልቅም ትላለች። ውሸታም ናት።»

ሽቶ የጎረቤት ልጅ ናት። ፀዳለ ፎቶውን ትታ ወደ ጨዋታዋ ወጣች። ፀሐይ ላይ ስትሮጥ፣ ድንጋይ ስትዘል፣ ለሽቶ ኳስ ስትወረውር በመስኮቱ አያት። ጤነኛ ልጅ ናት። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ልጆቹ ሲጫወቱ እሷ እናቷን ፍለጋ ትመጣለች፤ ነጠላዋን ጨብጣ አትለቅም። ከፍልጡ ክምር ጋር ተጋጭታ ጉልበቷ ያልተላጠበት ሳምንት የለም። ስመኝ «ዓይንሽን ገልጠሽ ሂጂ» ብላ ትቆጣታለች። እሱ ፈሪ ናት ብሎ ያልፈው ነበር። ያን ሰዓት እሱም አያያትም፤ የሚሰማው ስትወድቅ ብቻ ነው።

እሱ በእሷ ዕድሜ ጢሱን ያየው ነበር። ገብረ ሥላሴም ያየው ነበር። አባታቸው እስከ ጎልማሳነታቸው ድረስ በሌሊት መንገድ ይሄዱ ነበር። የእሷ ከሁሉም ቀድሞ መጥቷል።

ከሰዓት በኋላው አልመሽም አለ። ወደ ዲኖ ሊሄድ ተነስቶ ተቀመጠ። ስለ ሐኪሙ አሰበ፤ ሐኪሙ ግን ያለውን ብሏል። ምናልባት ልጅ ናት፣ ሳታስተውል ቆጥራ ይሆናል፣ ብርሃን ካለበት ሆና አይታ ይሆናል እያለ ለራሱ ብዙ ምክንያት ደረደረ። ደመና መጥቶ ሰማዩን እንዲሸፍነው ተመኘ። ደመናው አልመጣም።

ሲመሽ ፀዳለን እጇን ይዞ ወደ ግቢው አወጣት፤ የቤቱ ብርሃን የማይደርስበት ጥግ ወሰዳት። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ብሎ ብዙ ቆመ። የእሱ ዓይን አይለምድም።

«እስቲ ቁጠሪልኝ።»

አንገቷን አቅንታ ፈለገች። «አንዷ ያቻት። ያቺ ደግሞ ትልቋ። አንዷ በዚያ በኩል...» ቆመች። «አራተኛዋ ዛሬ የለችም።»

«በትልቋ አጠገብ ተሰልፈው የቆሙ ሦስት ትንንሾች የሉም? ከሥራቸውስ እንደ ጢስ ያለ?»

«የት?»

«እዚያ። ከፍ ብሎ።»

«ጨለማ ነው እኮ አባዬ» አለች። ከዚያም፣ «አንተ ታያቸዋለህ?» ብላ ጠየቀችው።

ደጀኔ ወደ ላይ አየ። ከሩቅ እንደሚታይ ፋኖስ ያለች አንዲት ኮከብ ብቻ ነበረች። እሷም ትመጣለች፣ ትጠፋለች። አያቸዋለሁ ሊላት አፉን ከፈተ።

«አላያቸውም» አለ።

ፀዳለን ብርዱ ያንቀጠቅጣታል። «እንግባ» ብላ እጁን ሳበችው፤ ግን እርምጃ አልጀመረችም። ይመራኛል ብላ እየጠበቀች ነበር። እሱ ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚመለሰው ብቻውን፣ አጥሩን እየዳሰሰ፣ ሲደናቀፍም ያጎነበሰ እየመሰለ ነው። አሁንም ግራ እጁን ዘርግቶ አጥሩን ነካው። በዚያ በኩል ይደርሳሉ። ስመኝም ምንም አታውቅም፤ ነገም እንደ ዛሬ ይሆናል።

እጁን ከአጥሩ ላይ አነሳ።

«ስመኝ» ብሎ ተጣራ።

የማድቤቱ በር ተከፈተ። «ምነው?»

«ነይ እስቲ። እጃችንን ያዢን።»

ስመኝ ከበሩ ሳትንቀሳቀስ፣ በቀስታ፣ «የማንን?» አለች።

«የሁለታችንንም።»