በክርስትና ስም የመጣው ስጦታ

የሰው ልጅ ልቡና፣ አንባቢ ሆይ፣ ከክፉ ሰው ክፉን ሲቀበል እምብዛም አይደነግጥም፤ ያልጠበቀው ቸርነት ደጁን ሲያንኳኳ ግን መዝጊያውን ቀርቅሮ በቀዳዳ ያጮልቃል። ይህ ደዌ ጠቢቡንም ሰነፉንም እኩል የሚያስት ስለ ሆነ፣ በመምህር ላቀው ላይ ያደረሰውን ጥፋት የምንተርከው ልንፈርድበት ሳይሆን፣ በእርሱ ስፍራ ብንሆን እኛም ያንኑ ከማድረግ እንደማንመለስ አምነን ነው።

መምህር ላቀው ብርድና ሐሜት በማይጠፉባት በአንዲት የደጋ ከተማ የታሪክ መምህር ነበር። አባቱ አቶ ወንድይራድ፣ የደብሩ ገንዘብ ያዥ ሳሉ፣ በሐሰት ምስክር «የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በልተዋል» ተብለው ተፈርዶባቸው፣ ስማቸው እንደ ጎደፈ አንቀላፍተዋል። ልጃቸውም ለብዙ ዘመን ደክሞ አንድ ልብ ወለድ ደረሰ፤ በስምንተኛው ምዕራፍም፣ ስሞቹን ለውጦ፣ የአባቱን ንጽሕናና የምስክሩን ክሕደት ገለጠ። አሳታሚዎች ሁሉ አንባቢ የለም ብለው ስለ መለሱት፣ በቴሌግራም ማኅበር አቁሞ፣ የየምዕራፉን ይዘት በአጭሩ አስፍሮ፣ የማሳተሚያ መዋጮ ይለምን ጀመር። ከተማይቱም በአንድ እጇ እየሰጠች በሁለት እጇ ትጠረጥር ነበር፤ አንዱ «እኔንም አስገብቶኝ ይሆን?» ሲል፣ ሌላው «ያው የአባቱ ልጅ አይደል? ይበላታል» ይል ነበር።

መዋጮው ከእኩሌታው ሳያልፍ በቆመ ጊዜ፣ የደብሩ ካህን ቄስ እንግዳ የጎደለውን ሁሉ የሚሞላ ስጦታ ይዘው መጡ። «ሰጪው ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ከክርስትና ስሙ በቀር ሌላ አልናገርም። የሚለምንህም ስምንተኛው ምዕራፍ አንዲት ቃል ሳትጎድል እንዲታተም ብቻ ነው» አሉት። መምህሩ ተቀበለ፤ እንቅልፍ ግን አጣ። በስምንተኛው ምዕራፍ ከዚያ ምስክር፣ ከባለ ወፍጮው ከአቶ ይትባረክ በቀር ማን ይገደዋል? አሳትሞ በስም ማጥፋት ሊከሰኝ፣ ቤቴንም ሊያስወስደኝ ነው አለ። ጥርጣሬው ሰውየውን አልሳተም፤ ልቡን ግን ሳተ።

ታላቅ እኅቱ ሙሉነሽ ይህን ሰምታ፣ «ይክሰስ እንጂ! እሱም ቆሞ ይጠየቃል። አባባ ሌባ ሲባሉ እየሰማን አረጀን፤ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?» አለችው። እርሱም ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ፣ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ምዕራፉን በምስጢር አስወጣው።

በምረቃው ዕለት አቶ ይትባረክ ነጭ ጋቢ ለብሰው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ከፊት ተቀመጡ፤ ንባቡ እስኪያልቅም ዓይናቸውን ከመድረኩ አልነቀሉም። መምህሩም ወጥመዱን የሰበረ መስሎት በልቡ ደስ አለው። ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ሽማግሌው መጽሐፉን ይዘው ቀረቡ።

«መምህር፣ ወልደ ጊዮርጊስ እኔ ነኝ። በአባትዎ ላይ በሐሰት የመሰከርኩትም እኔው ነኝ። ንስሓ አባቴ በአደባባይ የዋሸኸውን በአደባባይ አፍርስ አሉኝ። ምዕራፉ ሲነበብ፣ ይህ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ልነሣ ነበር የመጣሁት። የት ደረሰ?»

መምህሩ «ፈርቼ አስወጣሁት» አለ። «ነገ ሕዝቡን እጠራለሁ፤ እዚሁ ይናገሩት» ብሎ ለመነ።

«በራሴ አፍ መጀመር ብችል ኖሮ እስከ ዛሬ አልቆይም ነበር። እርስዎ ቢጀምሩልኝ ግን እጨርሰው ነበር» አሉና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ከወንድሟ አጠገብ ሆና ሁሉን የሰማችው ሙሉነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና፣ «አባባን ያን ጊዜ ያዋረዳቸው ይሄ ሰውዬ ነው» አለች፤ «ዛሬስ ማነው?» በማግስቱ ከተማይቱ ቃል የተገባላትን ስምንተኛ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ፈልጋ አጣችው፤ በቴሌግራሙም ላይ «አላልንም? የምዕራፉን ወረቀት በልቶታል፤ ያው የአባቱ ልጅ!» ተብሎ ተጻፈ። ሐሰተኛ ምስክር የጻድቁን ስም ይቀብራል፤ ተጠራጣሪ ልጅ ግን ትንሣኤውን ይከለክላል።