ክንድ ሲወናጨፍ

ከፋሮ ደሴቶች በስተሰሜን ባሕሩ ከጠዋት ጀምሮ ተቆጥቷል። የዴንማርኳ የጦር መርከብ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ከኋላዋ፣ ከማረፊያው በላይ፣ ግራጫዋ ሄሊኮፕተር በዚያ ሁሉ ንፋስ መሐል ከሰማይ በገመድ የተንጠለጠለች ይመስል ቀጥ ብላ ቆማለች። ምልክት ሰጪው ቶርኪል አንጋጦ አያት። ዕድሜውን ሙሉ ቢያያትም አይጠግባትም። የሚጠላው አብራሪዋን ነው።

አብራሪው መቶ አለቃ አስገር አንድ ቀን ምሳ ላይ «የኛ ትራፊክ ፖሊስ!» ብሎት መርከበኛው ሁሉ ስቆበታል። ቅጽል ስሙም በዚያው ተለጠፈበት። የተማሩ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ እነሱ ተናግረው ይረሱታል፣ የተባለው ሰው ተሸክሞት ይዞራል።

አብራሪ ከሄሊኮፕተሯ ሆድ ሥር ያለውን ማረፊያ አያይም። ባሕሩ ረገብ ሲል ጠብቆ «ውረድ» የሚለው ቶርኪል ነው። ይሄኛው ምልክት ምክር ነው። ሁለት ክንድ ከራስ በላይ ሲወናጨፍ ግን ትእዛዝ ነው፤ የሚያበረው አድሚራል ቢሆንም ይመለሳል።

ዛሬ ሄሊኮፕተሯ ደረቱ የተጨፈለቀ ዓሣ አጥማጅ ይዛለች። ነዳጇም ሊያልቅ ነው።

ቶርኪል እጆቹን ዝቅ ዝቅ አደረገ። ወረደች። ከማረፊያው ጋር የሚያቆልፋት መንጠቆዋ ብረቱን ሊነካ ሲል በስተግራ ጥቁር ውሃ ሲነሣ ያየ መሰለውና ክንዶቹን አወናጨፈ።

ወዲያው ሽቅብ ተነሣች። ማዕበሉ ግን አልመጣም። መርከቧ ጸጥ ብላ ቆየች።

«ምን አይተህ ነው አንተ ሽማግሌ?» ብሎ ሄሊኮፕተሯን ለማሰር ሰንሰለት ይዞ ያደፈጠው መርከበኛ ፕሬበን ጮኸበት። «ቂምህን የምትወጣው ሰው እየሞተ ነው?»

ቂም ይሆን እንዴ? ቶርኪል ራሱም እርግጠኛ አልነበረም። ስድቡን ሲጠብቅ የአስገር ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው መጣ።

«ነዳጄ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። ውረድ ስትለኝ እወርዳለሁ።»

ቶርኪል ዓይኑን ከባሕሩ ሳይነቅል ጠበቀ፤ አንዱ ማዕበል አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ ከዚያ ውሃው ተኛ። እጆቹን ዝቅ አደረገ። ያቺ ከባድ ብረት እንደ ወፍ ቁጭ አለች፤ መንጠቆው ነከሰ፣ ሰንሰለቱ ተጠመጠመ፣ ቁስለኛውን በሕይወት ተሸክመው ወደ ሐኪሙ ሮጡ።

አስገር ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማዕበል አልነበረም» አለው ቶርኪል። «ተሳስቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ባሕሩን ከላይ እያየሁት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተመለስክ?»

«ክንድህ ተወናጨፈ፣ ተመለስኩ። የቱን ልታዘዝ ብዬ ዛሬ ከመረጥኩ ነገም እመርጣለሁ፤ የሚገድለኝ እሱ ነው።»

ቶርኪል ይህን ሰው ሊያደንቅ አልፈለገም ነበር። የአስገርን የራስ ቁር ከእጁ ተቀበለውና እስከ በሩ ድረስ አብሮት ሄደ።