ከአጥር ውጭ የሚቆም ሰው

ቆርቆሮው ዙሩን ሲዞር ሳሊሀን ዘለላት።

በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች። በቀኟ ለተቀመጠው ለባጃጅ ነጂው ለይሁኔ ደረሰው፤ እጁን ከትቶ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አወጣ። ከዚያ መምህርት ሔራን ቆርቆሮውን በሳሊሀ ራስ ላይ አሳልፋ፣ በግራዋ ላለችው ለሳሊሀ የልጅ ልጅ ለኢቅራ አቀበለች። አንድ ቃል እንኳ የለም። ሳሊሀ ምሰሶ ሆነች፤ ሰው አልፏት የሚሄድ ምሰሶ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሔራን ቆቦ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ሰው ሰብስባ አጭር ልብ ወለድ ታለማምዳለች። «የታሪክ መነሻ» የምትላቸውን ከስልኳ ለቃቅማ በቁራጭ ወረቀት ትጽፍና የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ትከታቸዋለች። የወጣለት ሰው ከዚያች መነሻ ተነስቶ ታሪኩን ይቀጥላል። ሳሊሀ የመጣችው ልጅቷ በየሳምንቱ የት እንደምትውል ልታይ ነው። መጥታ ግን መዘለልን አልጠበቀችም።

«መምህርት!» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ወይስ ጥላዬ?»

ሔራን ደነገጠች። «ውይ እማማ! እርስዎ ስለማይጽፉ እንዳላስቸግርዎ ብዬ እኮ ነው።»

«መጻፍ አልችልም። እጄ ግን አልተቆረጠም። አምጪው ወዲህ።»

እጇን ከታ አንዲቱን አወጣችና ለኢቅራ ሰጠቻት። ልጅቷ አነበበች፦ «በር ተንኳኳ። ውጭ የቆመው ለዓመታት ያኮረፋችሁት ሰው ነው። ከዚህ ቀጥሉ።»

«ማነው በር የሚያንኳኳው?» አለች ሳሊሀ። «አገሩን የማያውቅ ነው? ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል። ውሻ ይጮሃል። ከውስጥ ‹ማነው?› ይባላል። እንዲህ ነው እንጂ ወግ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሔራንም አብራ ሳቀች። «እሺ፣ ‹ቤቶች!› ይበል። እርስዎ በአፍዎ ይንገሩን፤ ኢቅራ ትጽፍልዎታለች።»

ሳሊሀ ልትቀልድ ነበር ያሰበችው። ግን «ያኮረፋችሁት» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ወግታት ቀርታለች። ያኮረፈችው ሰው ሲባል ወደ ልቧ የሚመጣው አንድ ፊት ብቻ ነው።

«እህት ነበረችኝ» ብላ ጀመረች። «አለችኝ። ኡሙሃኒ ትባላለች። ታናሼ ናት። ዋጃ ናት፤ ሚኒባስ ቢያዝ ሻይ ሳይበርድ ይደረሳል።»

ኡሙሃኒ አግብታ ዋጃ ስትሄድ እናታቸው የሰጠቻትን ላም ታላቋ ሳሊሀ ዘንድ አደራ ትታ ሄደች። ላሚቱ ጥቁር ስለነበረች ኦሮምኛ የሚናገሩት አያታቸው ጉራቲ ብለዋታል። አንድ የክረምት ቀን ሳሊሀ ጉራቲን ውሃ ልታጠጣ ወደ ጎሊና ወንዝ ወረደች። ሰማዩ የታጠበ ሸማ ይመስል ነበር። ደመና የለም፣ ነፋስ የለም። የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ደጋ ይዘንባል፣ ቆላ ይወሰዳል፤ የራያ ሰው ይህን በእናቱ ጀርባ ሆኖ ይማረዋል። ሳሊሀ የጎርፉን ጩኸት ሰማች፤ ገመዱን ሳበች፤ ላሚቱ እግሯን ተከለች። ውሃው ሲመጣ ድንጋይ እያንከባለለ ነበር የመጣው። ሳሊሀ አፋፉን ያዘች። ገመዱ ከእጇ ሲወጣ መዳፏን ልጦት ሄደ።

የጉራቲ ሬሳ አልተገኘም። ቆይቶ አንድ ወሬኛ ኡሙሃኒን «ጥቁር ላም ከአፋር ነጋዴ እጅ አየሁ» አላት። እናታቸው ሞታ በወጣላት ሰደቃ ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ኡሙሃኒ ብድግ ብላ «እህቴ አደራዬን በላች» አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አፍ ለአፍ አልተገናኙም።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ይሁኔ፣ የራሱን ወረቀት ረስቶ።

«ከዚያማ የለም።»

«መጨረሻ ያስፈልገዋላ! እንዲህ ይሁን፤ ታናሽየዋ ትመጣና ደጃፉ ላይ ወድቃ ታለቅሳለች።»

«ኡሙሃኒ? ስትወለድ እንኳ አላለቀሰችም። አዋላጇን ገላመጠቻት አሉ።»

«ላሟ ትገኝ፣ እማ» አለች ኢቅራ።

«ላሟ ከተገኘችማ ሸጫታለሁ ማለት ነው! አንቺ የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ ወይስ የሷ?»

ሳቁ ጋብ ሲል ሔራን ቀስ ብላ ጠየቀች። «እማማ፣ ከአጥሩ ውጭ የቆመችው ማን ናት?»

«እሷ ናታ! ታናሽ ናት፤ የበደለችኝም እሷ ናት። እኔ እቤቴ ቁጭ ብያለሁ።»

«መጥታ ታውቃለች?»

«አልመጣችም።»

«እንግዲያው ውጭ የቆመ ሰው የለም» አለች ሔራን። «ታሪኩ ገና አልተጀመረም።»

ሳሊሀ ወረቀቷን ከኢቅራ እጅ ተቀበለች።

ወረቀቷን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤቷ ሄደች። ሳምንቱን ሙሉ ቋጠሮዋ አብራት ዋለች። ላሚቱ አይደለችም የምታንገበግባት፤ ላም ይሞታል። ከዚያ ሰደቃ ወዲህ ግን ጎረቤት ገበያ ሲሄድ ቁልፉን የሚያስቀምጠው የሷን ደጅ አልፎ ነው። ሰርግ ሲኖር ዕቃ የሚጠብቅ ይፈለጋል፤ ሳሊሀ አትጠየቅም። ማንም «አናምንሽም» ብሏት አያውቅም። ዝም ብለው ይዘሏታል፤ ልክ እንደ ቆርቆሮው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ጥሩ ቀሚሷን ለበሰች።

«ወዴት ነው፣ እማ?» አለች ኢቅራ።

«ዋጃ።»

«ተዪ! ታላቅ ሆነሽ? ብታዋርድሽስ?»

«ውርደቱ ቀድሞ ደርሶኛል። መንገዱ ነው የቀረኝ።»

ይሁኔ በባጃጁ መናኸሪያ አደረሳት። ሚኒባሱ በማሽላው መሀል ሲሮጥ አጫጆቹ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ሳሊሀ የምትለውን በልቧ አሰናዳች፤ ስድቡን ሁሉ እንደ እህል ለቅማ ለየችው። ዋጃ ወርዳ ጠይቃ ጠይቃ የኡሙሃኒን የእሾህ አጥር ስታገኝ ግን ከለቀመችው አንዱም አልቀረም። ቆመች። እውነትም ከውጭ ሆኖ ሲያዩት አጥር ረጅም ነው።

«ቤቶች!»

ውሻ ጮኸ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ። ድምፁ አላረጀም።

«ወጥተሽ እዪ።»

ኡሙሃኒ በትሯን ተደግፋ ብቅ አለች። አንድ ዓይኗ ደፍርሷል። ቆማ አየቻት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እስኪሞት ልጠብቅ?»

«አንቺ ወደኔ ደጅ?»

«ወደኔ የሚመጣ ጠፋ።»

ኡሙሃኒ በትሯን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «በይ ግቢ። ደጅ ላይ አትቁሚ። ያለፈ አለፈ፤ የኛስ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

«አልገባም» አለች ሳሊሀ። «ላሚቱን ተያት። አንቺ ያጣሽው ወተት ነው፤ እኔ ያጣሁት ስሜን ነው። ካንቺ ቃል ወዲህ የሰው ቁልፍ በእጄ ገብቶ አያውቅም።»

ኡሙሃኒ ውሻውን በበትሯ ገፋ አደረገች። ወደ መሬት እያየች፣ «ከሰደቃው ሁለት ክረምት ቆይቶ የዋጃ ወንዝ የጎረቤቴን ፍየሎች ወሰደ» አለች። «በጠራራ ፀሐይ። ቆሜ አየሁት። ወርደን ፈለግን፤ ቀንድ እንኳ አላገኘንም።»

«እና?»

«አንቺን አሰብኩ።»

«አሰብሽና?»

«አፈርኩ። ወላሂ አፈርኩ። በምን ፊቴ ልምጣ?»

«በዚያው ሰደቃ ላይ በቆምሽበት ፊትሽ ነዋ!»

ኡሙሃኒ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። የደፈረሰ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች። ያ ዓይን ድሮም ያነባ እንደሆነ ሳሊሀ አላወቀችም፤ አልጠየቀችምም። ደረቷ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ነገር ግን ቁጭ ሲል ተሰማት።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እትዬ» አለች ኡሙሃኒ። «በይ አሁን ግቢ። ምሳ ቀርቧል።»

«አውፍ ብያለሁ። ምሳሽን ግን ሌላ ቀን እበላለሁ።» ሳሊሀ የሻሿን ቋጠሮ ፈታ ወረቀቷን አወጣችና በእህቷ እጅ አስጨበጠቻት። «ስሜን ያጠፋሽው አገር ሰብስበሽ ነው፤ በአጥር ጥግ ሹክ ብለሽ አትመልሺውም። ዛሬ ከሰዓት ቆቦ ሰው ይሰበሰባል። መሀል ትቆሚና ‹ጉራቲን ውሃ ወሰዳት፤ እህቴ አደራ አልበላችም› ትያለሽ፤ የልጅ ልጄም ትጽፈዋለች። ነጠላሽን ደርቢ። ሚኒባሱ ሳያመልጠን ውጪ።»