ከኋላ የተቀመጠችው ምስክር

ሚጣ ማለት ጥርሱን ታሞ የሚጮህን ሰው በስልክ ብቻ አባብላ ዝም የምታሰኝ ሴት ናት። "ጎበዝ ነሽ" ያሏት ቀን ግን የምትገባበት ይጠፋታል። ለዓመታት በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ተቀምጣ ቀጠሮ ስትይዝ ኖራለች። ሐኪሙ በሰው ፊት ሲያመሰግናት አቀርቅራ ንጹሑን ጠረጴዛ ትወለውል ነበር። ምን ታድርግ፣ እናቷ ያሳደገቻት "ስለ ራስሽ ሌላ ሰው ያውራ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ" እያለች ነው። ከዚያ ሐኪሙ አርጅቶ ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ሚጣም ቤት ዋለች።

አሁን ታዲያ ሥራ ብቅ አለ። በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው የሕክምና ድርጅት ቀጠሮ የሚያስተባብር ሰው ይፈልጋል፤ ሥራው ከቤት ሳይወጡ በኮምፒውተርና በስልክ ነው፤ ቃለ መጠይቁም በቪዲዮ። ለሚጣ ይሄ ከሥራም በላይ ነው። የእናቷ ዓይን እየደከመ ሄዶ ሰው የምትለየው በድምፁ ሆኗል፤ ብቻዋን ትታት ልትውል አትችልም። ሩቅ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ደግሞ "ቅዳሜ መጥቼ እናቴን እወስዳለሁ፣ እኔ ጋ የሚጠብቃት አለ" ብሎ ቆርጧል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ግን እናትየው እዚህ ቤት ውስጥ ግድግዳውን በእጇ፣ ደረጃውን በእግሯ ታውቀዋለች፤ ሌላ ቤት ብትገባ እውር መሆኗ ያን ጊዜ ነው። ልብሷን በሻንጣ ከታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣለች፤ አንድም ቀን "አልሄድም" አላለችም። ሚጣን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ዝምታ ነው።

የቃለ መጠይቁን ልምምድ አጎቷ በእጁ አስገባ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ "እንደምን ዋልክ" ሲል እንኳ ትኬት የሚጠይቅ ይመስላል። ኮቱን ቆልፎ ጠረጴዛው ማዶ ተሰየመ።

"ስለ ራስሽ ንገሪን!"

"እንግዲህ... ምን አለኝ ብለህ ነው ጋሼ።"

"ጋሼ አትበይኝ፣ ቀጣሪ ነኝ! ጎበዝ ነሽ ወይስ ሰነፍ?"

"ያው... እንደ ሰው እሠራለሁ።"

"እንደ ሰውማ እኔም እሠራለሁ! እኔን ልቅጠር?" ጠረጴዛውን ደልቆ ወደ እህቱ ዞረ። "አየሽ ያሳደግሽውን? አንገቷን አስደፍተሽ አስቀረሻት!"

"ጨዋ ነው ያሳደግኩት" አለች እናትየው፣ ቆጣ ብላ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሲነታረኩ ከረሙ። ሚጣ ሁሉን መለሰች፤ ራሷን ማመስገን ላይ ሲደርስ ብቻ ምላሷ ይታሰራል። ኢንተርኔቱ ደህና የሚይዘው እናትየው ክፍል ውስጥ ነው፤ እናትየው ደግሞ "ድምፅሽን ልስማ፣ ትንፍሽ አልልም" ብላ አልወጣም አለች። አጎትየው የላፕቶፑ ካሜራ የሚያየውን ለክቶ የእናትየውን ወንበር ከማይታይ ጥግ አደረገው። ሚጣ ማያ ገጹ ላይ የራሷን ፊት ባየች ቁጥር ፀጉሯን ስለምትነካካም፣ የእሷ ምስል የሚወጣበትን ማዕዘን በወረቀት ሸፈነላት።

በቀጠሮው ዕለት አጎትየው፣ ምድር ቤት ብረት የሚበይደው ጎረቤት በጩኸቱ እንዳይረብሻት ወርዶ "አንዲት ብልጭታ እንዳላይ!" ብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሚጣ ልትጀምር ስትል ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፊቷን አጨለመችው። ላፕቶፑንም ወንበሯንም ወደ ግድግዳው ዞር አደረገቻቸው፤ ብርሃኑ ተስተካከለ። የእናቷን ወንበር ግን ማን ያስታውሰው!

ጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው፤ መነጽር ያደረገች ኃላፊና ማዳመጫ የሰካ ወጣት። ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ ሥራ ሰዓቱ ጠየቋት፤ ቀጥ አድርጋ መለሰች።

"ሐኪም በድንገት ቀርቶባችሁ ያውቃል?" አለች ኃላፊዋ።

"አንድ ጊዜ ታመው ቀርተዋል። በሽተኞቹን አዘዋወርናቸው። ሁሉም ረድቶ ነው እንጂ እኔ ይህን ያህል ያደረግኩት የለም።"

ኃላፊዋ ዓይኗን ከሚጣ ትከሻ በላይ ወረወረች። "እርግጠኛ ነዎት?"

"አዎ፣ የሁላችንም ሥራ ነው።"

ወጣቱ አፉን በእጁ ሸፈነ።

"ከተቆጣ ሰው ጋርስ እንዴት ነዎት?"

"እ... መጥፎ አይደለሁም።"

አሁን ወጣቱ በግልጽ ሳቀ። የሚጣ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ሳቁብኝ፣ አለቀ፣ ቅዳሜ መኪናው ይመጣል፣ እናቴም ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች አለች በልቧ።

"ይቅርታ ያድርጉልን" አለች ኃላፊዋ፣ ሳቋን እየዋጠች። "ከኋላዎ ያሉት እናት ግን አልተስማሙም። እርስዎ 'ምንም አላደረግኩም' ባሉ ቁጥር 'ውሸት ነው' በሚል ዓይነት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።"

ሚጣ ወረቀቱን ገነጠለችው። ኧረ ጉድ በሉ! እናትየው ምስሉ መሃል ላይ ተሰይማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ራሷን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች።

"እማዬ!"

"ምነው? ትንፍሽ አላልኩም እኮ!"

"እየታየሽ ነው!"

እናትየው ደነገጠችና ነጠላዋን አስተካከለች። ኃላፊዋ በአክብሮት ድምፅ፣ "እማማ፣ ያን ቀን ምን ነበር የሆነው?" ብላ ጠየቀች።

"እኔን አትጠይቂኝ የኔ ልጅ፣ ሥራ ፈላጊዋ እሷ ናት" አለች እናትየው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ስሚ ሚጣ! እኔ የከለከልኩሽ ጉራ ነው። ሰው ጠይቆሽ እውነቱን መደበቅ ግን ያው ውሸት ነው። ተናገሪ!"

ሚጣ ጀርባዋን ቀና አደረገች።

"እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ። መቀበያው ሞልቷል፣ ስልኩ ይጮሃል። መጀመሪያ የሚያማቸውን መታገስ ከሚችሉት ለየሁ። ማዶ ያለውን ሌላ ክሊኒክ ለምኜ፣ የሚያማቸውን እዚያ አሻገርኩ። ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ደወልኩ። እያቃሰተ ወደ ቤቱ የተመለሰ አንድም ሰው የለም። ያደረግኩት እኔ ነኝ።"

ወጣቱ መሳቁን ትቶ ደንበኛ ሆኖ ሊፈትናት ተነሳ። "ቀጠሮዬን ስትሰርዙ ይሄ ስንተኛ ጊዜያችሁ ነው? እናንተ ሰው አይደላችሁም እንዴ!" ብሎ አንባረቀ።

አይ፣ እዚህ ጋ ነው የተሳሳተው! ሚጣን በገዛ ሙያዋ መጣባት።

"እውነትዎን ነው፣ እኔም ብሆን እጮህ ነበር። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አሁን ያምዎታል?"

"አ... አዎ።"

"እንግዲያውስ ስልኩን እንዳይዘጉት። ዛሬ የሚያይዎት ሐኪም ሳላገኝ አልለቅዎትም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ወጣቱ፣ እየፈተነ መሆኑን ጭራሽ ረስቶ። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ እስኪበቃት ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። "ሰኞ ይጀምራሉ" አለች ኃላፊዋ። "ሐቁን ልንገርዎት፣ ወጣቱ ካሁኑ የእርስዎ ደንበኛ ሆኗል።" ሚጣ ስልኩን ዘግታ እናቷ ላይ ተጠመጠመች፤ አለቀሰችም፣ ሳቀችም።

"እሰይ!" አለ አጎትየው ደረቱን ነፍቶ። "ወንበሩን ማን ለካው?"

"አንተ የለካኸውማ የማያሳይ ነበር!" አለችው እህቱ። ከዚያ "ወንድምሽን አገናኚኝ" አለች።

ሚጣ ደውላ ሰጠቻት።

"ቅዳሜ ና የኔ ጌታ፣ ልትጠይቀኝ ና። ልትወስደኝ ከሆነ መኪናህን አታድክም። እህትህ ከቤት የሚሠራ ሥራ ይዛለች። ጎበዝ ናት፣ እንደሷ ያለ አላገኙም!"

የሚወለወል ጠረጴዛ አጠገቧ ነበር፤ ሚጣ ግን አላቀረቀረችም። ወደ ስልኩ ጠጋ አለችና "እውነቷን ነው ወንድሜ" አለች። "ጎበዝ ነኝ።"

እናትየው ስልኩን መለሰችላትና ጎንበስ ብላ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። ቀሚሶቿን በእጇ እየዳበሰች አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ ቁም ሳጥኑ ድረስ ማንም ሳይመራት ሄዳ፣ በየቦታቸው ሰቀለቻቸው።