ሙሽራን የሚከተል ካሜራ

ጣቢታ ከናስረዲን ፎቶ ቤት በር ላይ ሦስቴ ተቀምጣ ሦስቴ ተነሳች። ትናንት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ የፎንቆና የሺንሺቾ ሴቶች የዋንጫ ጨዋታ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ የሺንሺቾዋ ትርፊት ያገባችውን ጎል ኦፍሳይድ ብላ ባንዲራ ያነሳችው የመስመር ዳኛ እሷ ናት። ጎሉ ተሻረ፤ ፎንቆም ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጇ አርፎ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ እጁን ለጸሎት ሲያነሳ እንኳ የእሷ ቀድሞ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ቸኩላ መለሰችው።

ለፌዴራል ረዳት ዳኝነት ኮርስ የሚያስልካት ደብዳቤ ተተይቦ አልቋል። የቀረው የውድድር ኮሚቴው ሰብሳቢ የጋሼ ዋለ ፊርማ ነው። ሺንሺቾዎች አቤት ሲሉ ግን ጋሼ ዋለ፣ "እኛስ ከማን እናንሳለን? በቪዲዮ ይታይ!" አሉ። ጨዋታውን የቀረጸው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ናስረዲን፣ የሰርግ ካሜራማኑ።

"ግቢ ልጄ" አሉ ጋሼ ዋለ ከውስጥ። ለሙሽሮች ፎቶ በተዘጋጀው ባለ ወርቅ ቀለም ወንበር ላይ ተደላድለው፣ ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሠላሳ ዓመት በእርሻ ድንበር የተጣሉትን ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እግር ኳስ የጀመሩት አምና ነው፤ በምደባ።

ናስረዲን ቪዲዮውን ከፈተው። ትርፊት ብቻዋን፣ ሆን ተብሎ በዘገየ ምስል፣ ሹሩባዋ እየተነሳ እየወደቀ ስትሮጥ ታየች። ከስር የሰርግ መዝሙር ይዘመራል።

"ኳሱን ያቀበለቻትስ የታለች?" አለች ጣቢታ።

"እኔ የምከተለው ሙሽራዋን ነው" አለ ናስረዲን። "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሽራ ከካሜራዬ አምልጣ አታውቅም። ትርፊትን ገና ስታሟሙቅ ሳያት፣ ዛሬ የሷ ቀን ነው አልኩ።"

"ኦፍሳይድ የሚለካው ኳሱ ካቀባይዋ እግር ሲወጣ ነው እኮ! የምቱ ድምፅ እንኳን የለም?"

"አጥፍቼ መዝሙር አደረግሁበት። አላማረም?"

"ተረጋጊ ልጄ" አሉ ጋሼ ዋለ። "የድንበር ነገር ለእኔ ተይው። ቦታው ላይ ቀድሞ የነበረው ማነው?"

"ጋሼ፣ መሬት አይደለም እኮ።"

"ሣር አለው አይደል?" ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። "ይኸው! የጎረቤቷን አጥር አልፋ እንሰቱ መሀል ገብታለች። ባንዲራሽ ልክ ነው።" እስክሪብቷቸውን አወጡ።

ጣቢታ እፎይ ማለት ነበረባት። ዓይኗ ግን ከስክሪኑ ጠርዝ አልተነቀለም።

"ናስረዲን፣ ከመጀመሪያው መልሰው።"

ትርፊት ለሩጫ ስትነሳ፣ በጠርዙ በኩል አንዲት ባንዲራ የያዘች ሴት ታየች፤ ራሷ ጣቢታ፣ ከመጨረሻዋ ተከላካይ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ። ከተከላካይዋ መስመር ኋላ ቀርቶ በሰያፍ ለሚያይ ዳኛ፣ በሱ በኩል ያለችው አጥቂ ሁልጊዜ የቀደመች ትመስላለች። ይህን ለጀማሪ ዳኞች የምታስተምረው ራሷ ጣቢታ ናት።

"ጋሼ፣ አይፈርሙ።"

"ምነው?"

"ከመስመሬ ቀርቼ ነበር። በግምት ነው ያነሳሁት።"

"ታዲያ ጎል ነበር?"

"አላውቅም።"

ጋሼ ዋለ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። በሠላሳ ዓመት ሽምግልና ድንበር ላይ ቆሞ አላውቅም ያለ ሰው አልገጠማቸውም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይምላል።

"ቅዳሜ ይደገም" አሉ። "በዚያ መስመር የምትቆሚው አንቺው ነሽ። ደብዳቤው ግን እኔ ኪስ ይቆያል። አጠገብሽ ቆሜ አይሻለሁ፤ ከተከላካይዋ አንድ እርምጃ ብትቀሪ እቀደዋለሁ።"

"ቅዳሜ እኔ ሰርግ አለብኝ" አለ ናስረዲን።

"ተመስገን!" አለች ጣቢታ።

ወጥታ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ቁልቁል ከሚወርድ ባጃጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ፣ በጎን በጎን መራመድ ጀመረች። ባጃጁ ፈጠን ሲል ፈጠን፣ ሲቆም ቆም፤ አንድ እርምጃ እንኳ ሳትቀር።

"እህቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ምንድነው?" አላት ሹፌሩ።

"ንዳ!" አለችው። "ዝም ብለህ ንዳ!"